ከአንጎል ዕጢ ጋር ለሚኖሩ አዋቂዎች የተሃድሶ ሕክምና፦ ታማሚውና ቤተሰቡ ማወቅ ያለባቸው

የአንጎል ዕጢ እንዳለብዎ ሲነገርዎ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው «ይወጣል ወይስ አይወጣም?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ፣ ጨረሩ ከተጀመረ ወይም ሐኪሙ «ለጊዜው በክትትል እንቆይ» ካለ በኋላ ግን ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። እጄ ወደ ቀድሞው ይመለስ ይሆን? ብቻዬን ሽንት ቤት እሄዳለሁ? ስም እየጠፋብኝ ከሰው ጋር እንዴት እጫወታለሁ? ወደ ሥራዬስ እመለሳለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመለከተው የሕክምና ክፍል የተሃድሶ ሕክምና ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለአዋቂ ታማሚዎችና ለአስታማሚ ቤተሰቦቻቸው ነው። እርስዎን የሚያውቀው ሐኪም የሚሰጠውን ምክር አይተካም። ሐኪሙን ምን መጠየቅ እንዳለብዎና ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ግን ያሳይዎታል።

የተሃድሶ ሕክምና ምንድን ነው?

የተሃድሶ ሕክምና ዕጢውን አያጠፋም። ዕጢውን የሚያክሙት ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ናቸው። ተሃድሶ የሚያክመው ዕጢው ወይም ሕክምናው በአካል፣ በንግግር፣ በአስተሳሰብና በስሜት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። ይህንንም የሚያደርገው በሦስት መንገድ ነው።

• የደከመውን በልምምድ ያጠናክራል። ለምሳሌ የሰነፈን እግር ማንቀሳቀስና ማለማመድ።
• የማይመለሰውን በሌላ ዘዴ ይተካል። ለምሳሌ ቀኝ እጅ ባይታዘዝ በግራ እጅ መብላትና መጻፍ መልመድ።
• ቤቱንና አካባቢውን ለታማሚው ያመቻቻል። ለምሳሌ ሽንት ቤት ውስጥ መደገፊያ ብረት ማስገጠም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ድካም በከፊል የሚመጣው ከአንጎል እብጠት ነው። እብጠቱ ሲቀንስ የተወሰነው በራሱ ይመለሳል። የቀረውን ለመመለስ ግን ልምምድ ያስፈልጋል፤ ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ሥራ በከፊል ሊማር የሚችለው በድግግሞሽ ነውና። የአንጎል ዕጢ ያለባቸው ሰዎች ከተሃድሶ ሕክምና የሚያገኙት መሻሻል በስትሮክ የተጎዱ ሰዎች ከሚያገኙት ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አሳይተዋል።

ከስትሮክ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ስትሮክ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ይመታና ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀስ በቀስ እየተሻለው ይሄዳል። የአንጎል ዕጢ ግን ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ግቦቹ አጭር ጊዜ የሚወስዱ ይሆናሉ፣ በየጊዜውም ይከለሳሉ። ተሽሎት የነበረ ነገር እንደገና ሲደክም ደግሞ «ልምምድ ስላልሠራ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ለሐኪም መነገር አለበት።

«ይረፍ» የሚለው ምክር የሚያደርሰው ጉዳት

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የገጠመኝን ልንገርዎ። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው አንድ አባት ቀኝ እጃቸውና እግራቸው ደክሞ ወደ እኔ መጡ። ቁስላቸውን አየሁ፣ መድኃኒታቸውን አደስኩ፣ ለቤተሰቡም «በቂ ዕረፍት ያድርጉ» ብዬ ሸኘኋቸው። ልጆቻቸው ምክሬን በታማኝነት ፈጸሙ። እያጎረሱ፣ እያጠቡ፣ ከአልጋ ሳያስወርዱ ሦስት ወር አስታመሟቸው። ሲመለሱ የእጃቸው ጣቶች መንቀሳቀስ ጀምረዋል፤ ትከሻቸው ግን ደርቆ ክንዳቸው አይነሳም፣ ጉልበታቸው አይዘረጋም፣ ጭናቸው ሟሟል። አባትየውን በዚያ ሁኔታ ያዋላቸው ዕጢው አልነበረም፤ አልጋው ነበር። አልጋው ላይ ያስቀራቸው ደግሞ የእኔ ምክር ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ይረፉ» ብዬ ብቻ የምሸኘው ታማሚ የለም። መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚነሳ እነግረዋለሁ። ቤተሰብ ከፍቅር የተነሳ ሁሉን ነገር ለታማሚው ሲሠራለት የታማሚው አቅም እየከዳው ይሄዳል። ሊሠራ የሚችለውን ጊዜ ቢወስድበትም ራሱ ይሥራው።

ችግሩ እንደ ዕጢው ቦታ ይለያያል

አንድ ዓይነት ዕጢ ያለባቸው ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የተለያየ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል።

• የፊት ክፍል (ከግንባር ጀርባ)፦ ተነሳሽነት ማጣት፣ የጠባይ መለወጥ፣ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማድረግ አለመቻል፣ በተቃራኒው ጎን እጅና እግር መድከም።
• የግራ ጎን፦ የቀኝ እጅና እግር መድከም። በአብዛኛው ሰው የንግግር ማዕከል በግራ በኩል ስለሆነ መናገር ወይም የሰው ንግግር መረዳት ይቸግራል።
• የቀኝ ጎን፦ የግራ እጅና እግር መድከም፣ በግራ በኩል ያለውን ነገር ልብ አለማለት።
• የኋላ ክፍል፦ የእይታ ግማሽ መጥፋት።
• ትንሹ አንጎል፦ ሚዛን መሳት፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ።
• የአንጎል ግንድ፦ የመዋጥ ችግር፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የፊት መጣመም።
• የፒቱታሪ ዕጢ፦ ከግራና ከቀኝ ዳር ያለው እይታ መጥበብ፣ በሆርሞን መዛባት የሚመጣ ድካም።

ይህን ማወቅ የብዙ ቤቶችን ጠብ ያበርዳል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ «ታጠብ» ካልተባለ የማይነሳ ባል ሰነፍ ላይሆን ይችላል። ተነሳሽነትን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ተጎድቶ ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰው ምክርና ቁጣ አይሠሩም። በተወሰነ ሰዓት፣ በአጭር ቃል፣ አንድ በአንድ ማስታወስ ግን ይሠራል።

መቼ ይጀመራል? ዕጢው ካልጠፋስ?

ተሃድሶ «ሕክምናው ሲያልቅ» የሚጀመር ነገር አይደለም።

• ከቀዶ ሕክምና በፊት፦ ጉልበት፣ ንግግርና እይታ ተመዝግቦ ይያዛል። ታማሚውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ይማራል።
• ከቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ቀዶ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ፣ ከአልጋ ላይ መቀመጥና መቆም ይጀመራል።
• በጨረርና በኬሞቴራፒ ወቅት፦ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይቀጥላል፤ ድካሙንም ለመቀነስ ይረዳል።
• ዕጢው ተመልሶ ካደገ ወይም ሊድን የማይችል ከሆነ፦ ግቡ ይለወጣል እንጂ ተሃድሶው አይቆምም። ያለ ሕመም መቀመጥ፣ ያለ ትንታ መዋጥ፣ የመኝታ ቁስል አለመኖር፣ ከቤተሰብ ጋር ቁርስ መቅረብ ሁሉም ግብ ናቸው።

«እድሜው አጭር ከሆነ ለምን እናድክመው?» ብለው የሚጠይቁኝ ቤተሰቦች አሉ። መልሴ ይህ ነው፦ የቀረው ጊዜ አጭር ከሆነ ያ ጊዜ ከአልጋ ላይ ወርዶ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ቢያልፍ ይሻላል።

ማን ይሰጠዋል? የት ይገኛል?

ሙሉ ቡድን በሚገኝበት ቦታ የነርቭ ሐኪም፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ የካንሰር ሐኪም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የዕለት ተዕለት ተግባር ሕክምና (ኦኩፔሽናል ቴራፒ) ባለሙያ፣ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ነርስና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በጋራ ይሠራሉ።

በኢትዮጵያ በቀላሉ የሚገኘው የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ነው። እንደ ጥቁር አንበሳና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባሉ ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ክፍሉ አለ። የንግግር ሕክምናና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የፊዚዮቴራፒ ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። በየሳምንቱ መመላለስ ካልቻሉም ባለሙያው ልምምዱን ለአንድ የቤተሰብ አባል እንዲያስተምርና በስልክ ቪዲዮ እንዲቀረጽ ይጠይቁ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ይህ አንድ ቪዲዮ ትልቅ ሀብት ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ የንግግርና የማስታወስ ምርመራ በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲደረግ ይጠይቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የተሰጠ ፈተና መውደቅ የማስታወስ ችግር አለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ግብ ያውጡ

«እንዲሻለኝ እፈልጋለሁ» ግብ አይደለም፤ መድረሱ አይለካም። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በምርኩዝ ብቻዬን እሄዳለሁ» ግብ ነው። አንዲት እናት ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «ቡናዬን ራሴ ቀድቼ እንግዳዬን ማስተናገድ» አሉኝ። ልምምዳቸውን በሙሉ በዚያ ዙሪያ አደረግነው። በርጩማ ላይ ሚዛን ጠብቆ መቀመጥ፣ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ጀበና ማንሳት፣ ውኃውን ወደ ሲኒ መቅዳት። የሚወዱትን ነገር ለመሥራት የሚደረግ ልምምድ አይሰለችም። የእርስዎ ግብ ምንድን ነው? ዛሬ ይጻፉት።

የአካል ጥንካሬና እንቅስቃሴ

የሚከተሉትን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎ ወይም ፊዚዮቴራፒስትዎ እንዲፈቅዱልዎ ያድርጉ።

• ከአልጋ ሲነሱ፦ መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ ከዚያ በእጅዎ ተገፍተው ይቀመጡ። ሳይቸኩሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ከዚያ ይቁሙ።
• ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፦ መደገፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ይጠቀሙ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ ይድገሙ። የጭን ጡንቻን ከዚህ የተሻለ የሚያጠናክር የቤት ልምምድ ጥቂት ነው።
• መራመድ፦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨምሩ።
• ምርኩዝ፦ በጤነኛው እጅ ይያዛል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የምርኩዙ እጀታ የእጅ አንጓዎ ላይ መድረስ አለበት።
• ደረጃ፦ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የደከመው እግር ይቅደም።
• ልብስ፦ ሲለብሱ በደከመው እጅ ይጀምሩ፣ ሲያወልቁ በጤነኛው።

ለአስታማሚ፦ ታማሚውን ለማንሳት የደከመውን ክንድ በፍጹም አይጎትቱ። ትከሻው ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመም ወራት ይቆያል። ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ወይም ጠንካራ መቀነት አስረው እሱን ይያዙ። እርስዎም ከወገብዎ ሳይሆን ከጉልበትዎ ጎንበስ ይበሉ። ሲተኛና ሲቀመጥ የደከመውን ክንድ በትራስ ወይም በተጣጠፈ ጋቢ ይደግፉት።

ከአልጋ መውረድ የማይችል ታማሚ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ተረከዙን፣ ዳሌውንና ከወገቡ በታች ያለውን አጥንት በየቀኑ ይመልከቱ። የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካዩ በዚያ በኩል አያስተኙት።

ቤት ውስጥ መውደቅን ለመከላከል የሚንሸራተት ምንጣፍ ያንሱ፣ ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው፣ ነጠላ ጫማ ትተው ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ መካከሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር በላዩ ያስቀምጡ።

መዋጥና አመጋገብ

ሲበሉ ወይም ሲጠጡ መሳል፣ ከዋጡ በኋላ ድምፅ ውኃ የተሞላ መምሰል፣ ምግብ በአንድ ጉንጭ መቅረት፣ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች የመዋጥ ችግር ምልክቶች ናቸው። ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

• ተኝቶ የሚበላ ሰው አይኑር። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላም በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይቆይ።
• ትንሽ በትንሽ፣ በሻይ ማንኪያ ያቅርቡ። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛ አያጉርሱ። ትልቅ ጉርሻ እዚህ ላይ የፍቅር ምልክት አይሆንም።
• ብዙዎች እንደሚያስቡት ውኃ በጣም ቀላሉ ነገር አይደለም። ቀጭን ፈሳሽ በፍጥነት ስለሚወርድ ለብዙ ታማሚዎች ከባድ ነው። ወፈር ያለ፣ ጓጉል የሌለው አጥሚት ሊቀል ይችላል።
• ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና ጥሬ ሥጋ ይቅሩ። በደንብ የራሰ ፍትፍትና ለስላሳ ሽሮ ይሻላሉ።
• እያወሩ ወይም ቴሌቪዥን እያዩ አይመገቡ።
• ጥርስና አፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይጽዳ።

እነዚህን አድርገውም ትንታው ካልቆመ ሐኪም ያማክሩ። ለጊዜው በአፍንጫ ቱቦ መመገብ ሊያስፈልግ ይችላል።

ንግግር

መናገር ያቃተው ሰው ማሰብ አቅቶታል ማለት አይደለም። እንደ ሕፃን አያናግሩት፣ እሱ ባለበትም ስለ እሱ በሦስተኛ ሰው አያውሩ። አጭር ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ሻይ ትፈልጋለህ?» ይበሉና በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ቃሉን ከአፉ አይንጠቁት። ሥዕል፣ ጥቆማ፣ የራስ ንቅናቄ ሁሉም ንግግር ነው።

አንድ ቃል መመለስ ያቃተው ሰው አቡነ ዘበሰማያትን ወይም ፋቲሓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊል ይችላል፤ የለመደውን መዝሙር ወይም ዘፈንም እንዲሁ። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «እያስመሰለ ነው» ብሎ ይቆጣል። እያስመሰለ አይደለም። በቃል የተለመደ ነገር አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመፍጠር በተለየ መንገድ ስለሚወጣ ነው። ይህን ለልምምድ ይጠቀሙበት፤ አብረው ይበሉ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ቃል ለእሱ ይተዉለት።

ማስታወስ፣ ትኩረትና እይታ

• አንድ ደብተር ይያዙ። ቀጠሮ፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ የዛሬ ሥራ ሁሉ እዚያ ይጻፍ።
• የስልክ ማንቂያ ይጠቀሙ። ቁልፍ፣ መነጽርና ስልክ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጡ።
• አንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ። ሬዲዮው ይዘጋ።
• ምስር መልቀም ለእጅ፣ ለዓይንና ለትኩረት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ልምምድ ነው። በትንሽ ሰሃን ይጀምሩ።

እይታው በአንድ በኩል የጠፋበት ወይም አንዱን ጎን ልብ የማይል ታማሚ ከሰሃኑ ግማሹን ብቻ በልቶ «አነሰኝ» ሊል ይችላል። ሰሃኑን ያዙሩለት። ራሱን ወደዚያ ጎን አዙሮ የማየት ልማድ እንዲያዳብር በየጊዜው ያስታውሱት። ሲያነብ ከመስመሩ መጀመሪያ ቀይ ምልክት ማድረግ ይረዳል። መንገድ ብቻውን እንዲሻገር አይተዉት።

ድካም

ይህ ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚጠፋው ዓይነት አይደለም። በጨረር ሕክምና ወቅት ይጨምራል፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከባዱን ሥራ ብርታት በሚሰማዎ ሰዓት ያድርጉ። በመካከል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይረፉ። የደም ማነስ፣ የሆርሞን መዛባት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒትና ድባቴም ድካም ስለሚያስከትሉ ሐኪምዎ እንዲመረምርዎ ይጠይቁ።

ጠያቂ ማብዛትም ያደክማል። የመጠየቅ ባህላችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የሚቀበል ታማሚ ልምምድ የሚሠራበት አቅም አይተርፈውም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው የመጠየቂያ ሰዓት ወስኖ ለዘመድ ወዳጅ ያሳውቅ። ታማሚው ራሱ «ሂዱልኝ» ለማለት ያፍራል።

የሚጥል ሕመምና መድኃኒቶች

ብዙ የአንጎል ዕጢ ታማሚዎች የሚጥል ሕመም ያጋጥማቸዋል። ሲጥለው፦

• በጎኑ ያስተኙት፣ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሰዓት ይመልከቱ።
• አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አያስገቡ። ክብሪት ጭረው አያሽትቱት። ጨምድደው አይያዙት።
• ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሕመሙ ያለበት ሰው ከእሳት፣ ከምጣድና ከከሰል ምድጃ አጠገብ ብቻውን አይሁን፤ ሲታጠብ በር አይቆልፍ፤ ወንዝ ብቻውን አይሂድ። እንቅልፍ ማጣት፣ አልኮልና ጫት ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

የሚጥል ሕመም መድኃኒትን አንድ ቀን መዝለል ለአደጋ ይዳርጋል። ፀበል የሚጠመቁ ከሆነ መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይጠመቁ። ጾም የሚጾሙ ከሆነም የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ። በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል ያዳክማሉ፤ ቫልፕሮኤት ጽንስን ይጎዳል። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ፤ ሐኪም ያማክሩ።

ዴክሳሜታሶን የአንጎል እብጠትን ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የጭንና የትከሻ ጡንቻን ያሳሳል፣ የደም ስኳርን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከወንበር መነሳት ካቃተዎት ዕጢው አድጎ ሳይሆን መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከምግብ ጋር ይውሰዱት፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ስለሆነ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።

ስሜትና እውነቱን መናገር

ድባቴና ጭንቀት በዚህ ሕመም የተለመዱ ናቸው፤ ይታከማሉም። ለሁለት ሳምንት ያህል ያለማቋረጥ ማዘን፣ ምንም ነገር አለማስደሰት ወይም «ብሞት ይሻላል» ማለት ካለ ሐኪም ያማክሩ።

በብዙ ቤቶች የሕመሙ ስም ከታማሚው ይደበቃል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ለምን እንደደከመ የማያውቅ ሰው ለምን እንደሚለማመድ አይገባውም፤ ሳይሻለው ሲቀር ራሱን ይወቅሳል። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መናገር አያስፈልግም። «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅና በሚፈልገው ልክ፣ ሐኪሙ ባለበት፣ መንገር ይቻላል።

ሥራና መኪና

በኢትዮጵያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። የሕክምና ማስረጃዎን በጊዜ ያስገቡ። ሲመለሱም በግማሽ ቀን ወይም በቀላል ሥራ ለመጀመር ይነጋገሩ።

የሚጥል ሕመም፣ የእይታ መጥበብ ወይም የትኩረት ችግር ካለብዎ ሐኪም እስኪፈቅድ መኪናም ሆነ ሞተር አይንዱ።

ለአስታማሚ

እርስዎ ከታመሙ ሁለት ታማሚ ይሆናል። የማስታመም ተራ ይከፋፈሉ። በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ለራስዎ ይውሰዱ። «ምን ልርዳ?» ለሚልዎ ዘመድ «ምንም» አይበሉ፤ «ማክሰኞ ከሰዓት አብረኸው ዋል» ይበሉ።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ በተለይ ከማስመለስና ከእንቅልፋምነት ጋር። በጭንቅላቱ ውስጥ የፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ (ሻንት) ላለው ሰው የመዘጋት ምልክት ሊሆን ይችላል።
• አዲስ ወይም በፍጥነት የባሰ የአካል መድከም፣ የንግግር ወይም የእይታ ችግር።
• የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት። የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው ደም የመርጋት አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያበጠ እግር አይታሽ።
• ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ከቀዶ ቁስል ፈሳሽ ወይም መግል መውጣት።
• ዴክሳሜታሶን በሚወስድ ሰው ላይ ከፍተኛ ጥማትና ሽንት ማብዛት፣ ወይም ጥቁር ሰገራ።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአሜሪካ በ911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ112፣ በእስራኤል በ101 ይገኛል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

1. ዕጢው የት ነው ያለው? ከዚያ የተነሳ ምን ዓይነት ችግር ልጠብቅ?
2. የትኛው እንቅስቃሴ ይፈቀድልኛል? የትኛው ይከለከላል?
3. የፊዚዮቴራፒ ሪፈር ይጻፍልኛል?
4. መዋጥ፣ ማየትና ማስታወስ ይመረመርልኛል?
5. ዴክሳሜታሶኑ እንዴት ይቀነሳል?
6. በሚቀጥለው ወር ልደርስበት የምችለው ግብ ምንድን ነው?

ጥያቄዎቹን በደብተርዎ ይጻፉና ይዘው ይሂዱ። መልሱን የሚጽፍ ሰውም አብሮዎት ይግባ። እስከ ቀጠሮው ድረስ ግን አይጠብቁ፤ ሐኪምዎ መንቀሳቀስ ካልከለከለዎ ዛሬ ምግብዎን ከአልጋ ወርደው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ። የተሃድሶ ሕክምና ከዚያ ሊጀመር ይችላል።